ባዶዋ ሳጥን ውስጥ ምን አለ? ክሮስወርድ፣ ጠቅላላ እውቀትና በአንድ ንክኪ የሚመጣ መልስ

"እየደረቀ ያለ የእስያ ባህር፣ አራት ፊደል።" በየቀኑ የእንግሊዝኛ ክሮስወርድ (በፍንጭ እየተመሩ ባዶ ሳጥኖችን በፊደል የሚሞሉበት የቃላት ጨዋታ) የሚሞላ ሰው ይቺን ፍንጭ ሲያያት አያስብም፣ እጁ ራሱ ይጽፋታል፣ ኤ፣ አር፣ ኤ፣ ኤል፣ አራል፣ አለቀ፣ ወደ ቀጣዩ። እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር የማደርገው። አንድ ቀን ግን የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስሞላ እያየች "አጎቴ፣ ግን ባህሩ ለምንድነው የሚደርቀው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። የማውቀው መስሎኝ ነበር እኮ፣ ለካ የማውቀው ስሙን ብቻ ነው።

አብረን ፈለግነው። አራል ባህር ይባል እንጂ ሐይቅ ነው፣ በአንድ ወቅት ወደ 68,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ በስፋት ከዓለም አራተኛ የነበረ ሐይቅ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሶቪየት ህብረት ለጥጥ እርሻ ብላ ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳሪያንና ሲር ዳሪያን፣ በመስኖ ቦይ ጠልፋ ወሰደቻቸው፣ ከዛ ውሃው ሸሸ፣ መርከቦች አሸዋ ላይ ቆመው ቀሩ፣ በዓሳ ይኖር የነበረው ሕዝብ ሥራ አጣ፣ የደረቀው ወለል ላይ የቀረው ጨውና የእርሻ ኬሚካል ደግሞ በነፋስ እየተነሳ የሰዉን ጤና ጎዳ። በ2005 ካዛኪስታን በሰሜን በኩል ግድብ ሠርታ ያቺ ሰሜናዊ ክፍል በተወሰነ ደረጃ አገግማለች። ይሄ ሁሉ ከአራት ፊደል ጀርባ ቁጭ ብሎ እኔ በየጊዜው በላዩ ላይ እያለፍኩ ነበር።

ከዛን ቀን ጀምሮ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ክሮስወርድ እውነት ያስተምራል ወይስ ያወቅን ያስመስለናል? ደግሞ አሁን ፍንጩን ስልክ ላይ ጻፍ ስታደርገው መልሱ በሰከንድ ከች በሚልበት ጊዜ፣ ቻትቦት ሙሉውን ሰንጠረዥ በሚሞላበት ጊዜ፣ ሰው ቁጭ ብሎ በአንዲት ባዶ ሳጥን ላይ አሥር ደቂቃ መቆየቱ ምን ትርጉም አለው? የኔ መልስ እንዲህ ነው፣ የሚያስተምረው መልሱ አይደለም፣ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለችው ጊዜ ናት። ለምን እንደዛ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ግን ፍንጮቹ ከየት እንደሚመጡ ማወቅ ያስፈልጋል። ጨዋታው የተጀመረው ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ነው፣ አርተር ዊን የሚባል በሊቨርፑል የተወለደ ጋዜጠኛ ኒው ዮርክ ወርልድ ለሚባለው ጋዜጣ የእሁድ እትም ያዘጋጀው፣ ቅርጹም እንደ ዳይመንድ ነበር። ስሙን ያወጣለት "ወርድ ክሮስ" ብሎ ነበር፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሕትመት ስህተት ቃሎቹ ተገላበጡና "ክሮስ ወርድ" ሆኖ ቀረ። በ1924 ሲሞን ኤንድ ሹስተር የሚባለው አሳታሚ የመጀመሪያውን የክሮስወርድ መጽሐፍ እርሳስ አብሮ አያይዞ ሲያወጣ አገሩ ሁሉ አበደለት፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ግን በዛው ዓመት ጨዋታውን ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ነቅፎ ነበር። ያው ጋዜጣ በ1942 ፌብሩዋሪ ላይ፣ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ከገባች ከሁለት ወር በኋላ፣ በማርጋሬት ፋራር አዘጋጅነት የራሱን ጀመረ፣ በየቀኑ ማውጣት የጀመረው ደግሞ በ1950 ነው። ዛሬ የብዙ ሰው ቀን ከሱ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ። የአሜሪካው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 15 በ15 ነው፣ እያንዳንዷ ፊደል በአግድምም በቁልቁልም የምትነበብ መሆን አለባት፣ ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ቃል አይፈቀድም፣ ጥቁሮቹ ሳጥኖች ደግሞ ሰንጠረዡን ግማሽ ዙር ብታዞረው መልሰው እንደነበሩ መሆን አለባቸው። ይሄ ሕግ ሲያዩት የውበት ብቻ ይመስላል፣ ነገር ግን እኛ ምን እንደምንማር የሚወስነው እሱ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ተጠላልፎ የሚሞላ ሰንጠረዥ አጫጭርና አናባቢ የበዛባቸው ቃላት ካልኖሩት አይዘጋም። ከአምስቱ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ትልቁ ሱፒሪየር ነው፣ ክሮስወርድ ውስጥ ግን ሁሌ የምታገኘው ኢሪን ነው፣ ከአራት ፊደሉ ሦስቱ አናባቢ ስለሆኑ። ኦሪዮ ብስኩትም ያው ነው፣ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያም ያው ነው። የክሮስወርድ ሰዎች እነዚህን "ክሮስወርዲዝ" ይሏቸዋል፣ በወሬ መሃል ብዙ የማትሰማቸው ሰንጠረዥ ውስጥ ግን የማይጠፉ ቃላት።

ስለዚህ ከክሮስወርድ የምናገኘው እውቀት ዓለም ውስጥ ባለው ክብደት ልክ የተመረጠ አይደለም፣ በፊደል ነው የተመረጠው። ይሄን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፣ እኔ ግን ደስ የሚለኝ አንዱ ነገር ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ራሴን ብጠየቅ ፈጽሞ የማልሄድበት ቦታ ይወስደኛል። ኢሮ ሳሪነን የሚባለውን አርኪቴክት የማውቀው በአናባቢዎቹ ነው፣ ኢ፣ ኢ፣ አር፣ ኦ። ስሙን ተከትዬ ስሄድ ሴንት ሉዊስ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ያለውን ጌትዌይ አርች የሚባለውን ትልቅ ቅስት አገኘሁ፣ ቁመቱ 192 ሜትር፣ እግርና እግሩ መካከል ያለው ርቀትም ያው 192 ሜትር፣ ያለቀው በ1965፣ ንድፉን የሠራው ሳሪነን ግን በ1961 ሞቶ ሳያየው። ስለ ኪነ ሕንጻ ላንብብ ብዬ አላውቅም፣ የወሰደኝ ሰንጠረዥ ላይ የጎደለ ፊደል ነው።

(እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በፊደላችን ክሮስወርድ ለመሥራት የሞከረ ሰው ይሄ ጥልፍልፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። በላቲን 26 ፊደል ነው ያለው፣ እኛ ጋ ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ "ማ" የሚያቋርጠው ቃል ራሱን "ማ" ሊኖረው ግድ ነው፣ "መ" ወይ "ሜ" አይሆንም። ደግሞ "ሰ" ይሁን "ሠ"፣ "ጸ" ይሁን "ፀ" የሚለው አለ፣ አዘጋጁ አንዱን ጽፎ የሚሞላው ሰው ሌላውን ሲጽፍ ማንም ሳይሳሳት ቃሉ አልገጥም ይላል። ጃፓኖችም በቃና ፊደላቸው ሲያዘጋጁ የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል፣ ጥቁር ሳጥኖች ጎን ለጎን አይቀመጡም፣ ማዕዘኖቹም ጥቁር አይሆኑም። እያንዳንዱ ጽሕፈት የራሱን ሰንጠረዥ ይፈልጋል።)

ወደ ዋናው ልመለስ፣ ባዶዋ ሳጥን ለምን ታስተምራለች። ስለ ማስታወስ ከተሠሩት ጥናቶች ውስጥ ለዚህ ነገር በጣም የሚቀርበኝ ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ነው። ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቧቸው፣ ከዛ አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ከጭንቅላታቸው ፈልገው ያወጡት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። ማለትም ደግሞ ማንበብ ለጊዜው የሚያውቁ ያስመስላል፣ የሚቆየው ግን የተፈለገው ነው። ክሮስወርድ ደግሞ ከላይ እስከታች መፈለግ ነው፣ ዝም ብሎ የሚነበብ ነገር የለውም፣ እያንዳንዱ ፍንጭ "ከራስህ አውጣው" ነው የሚልህ።

ሁላችንም የምናውቀው ስሜት አለ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ አለ ግን አልመጣ አለኝ የምንለው። በ1966 ብራውንና ማክኒል የሚባሉ ሰዎች ይሄን አጥንተው እንደዛ ያለ ሰው ቃሉ ባይመጣለትም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ፊደሉን ወይም ስንት ክፍለ ቃል እንደሆነ በትክክል መናገር እንደሚችል አሳይተዋል። ክሮስወርድ ልክ እዚህ ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። ቁልቁል ያለውን ስትሞላ አንድ ፊደል ይሰጥሃል፣ ያቺ ፊደል የተዘጋውን በር ትከፍተዋለች፣ ያኔ የሚመጣው ደስታ ደግሞ ሌላ ነው፣ ማንም ሳይነግርህ ራስህ አግኝተኸዋል።

ስህተትም ያስተምራል፣ እንዲያውም ከሁሉ በላይ። አንድ ጊዜ "የፌንሲንግ (የሰይፍ ስፖርት) መሣሪያ፣ አራት ፊደል" የሚል መጣ፣ እኔ በጣም እርግጠኛ ሆኜ ፎይል ብዬ ጻፍኩ፣ ኤፍ፣ ኦ፣ አይ፣ ኤል፣ በእስክሪብቶ። ከዛ ያ ማዕዘን ሙሉ አልሄድ አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ሌሎቹን ቃላት ስጠራጠር ቆየሁ፣ መጨረሻ ላይ ለካ ኤፔ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አራት ፊደል ነው። ስለተናደድኩ ሄጄ ልዩነታቸውን አነበብኩ። በፎይል ነጥብ የሚሰጠው ደረት፣ ሆድና ጀርባ አካባቢ ስትነካ ነው፣ ሴበር በሚባለው በሦስተኛው መሣሪያ ከወገብ በላይ፣ በኤፔ ግን ከእግር ጣት እስከ ራስ ሰውነት በሙሉ ይቆጠራል። ይሄን ከዛ በኋላ ረስቼው አላውቅም። በ2001 በተርፊልድና ሜትካፍ ያሳተሙት ጥናት ልክ ይሄን ነው የሚለው፣ ሰው በጣም እርግጠኛ ሆኖ የተሳሳተውን ነገር ሲታረም፣ እየተጠራጠረ ከተሳሳተው የበለጠ ያስታውሰዋል።

እንግዲህ የዛሬው ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። በ2021 ዶክተር ፊል የሚባል፣ ማት ጊንስበርግ የሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ጋር ተጣምሮ በአሜሪካ የክሮስወርድ ውድድር ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ከሆኑት ሰዎች ሁሉ የበለጠ ነጥብ አመጣ። ያኔ ትልቅ ዜና ነበር። አሁን ማንም ሰው ኪሱ ውስጥ ባለው ስልክ ፍንጩን ለኤአይ ይጠይቃል። አፖቹ ራሳቸውም መልሱን የሚገልጥ በተን አላቸው። ሰዉ የሚከራከረው "ይሄ ማጭበርበር ነው አይደለም" እያለ ነው፣ ለኔ ግን ክርክሩ ቦታውን ስቷል። ለራስህ በምትጫወተው ጨዋታ ማንን ታጭበረብራለህ? ጥያቄው ምን ታጣለህ ነው። በወረቀት ዘመን መልሱ የሚወጣው በነጋታው ጋዜጣ ላይ ነበር፣ ስለዚህ ያልሞላሃት ሳጥን አብራህ ታድራለች፣ መንገድ ላይ ትመጣብሃለች፣ ፊትህን ስትታጠብ ድንገት ብልጭ ትላለች። አሁን ያቺ ሌሊት ወደ ሁለት ሰከንድ አጥራለች። ሁለት ሰከንድ ውስጥ ጭንቅላት ፍለጋውን አይጀምርም።

መልስ መፈለግ ክልክል ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔም እፈልጋለሁ። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከመሞከርህ በፊት ካየኸው ፊደል ገለበጥክ ማለት ነው፣ ታግለህ አቅቶህ ካየኸው ግን መልሱ የተዘጋጀ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። "ኢንተርኔት ላይ እናገኘዋለን ብለን ስለምናስብ ማስታወስ ትተናል" የሚል በ2011 ሳይንስ በሚባለው ጆርናል የወጣ ዝነኛ ጥናት አለ፣ ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፣ ነገር ግን ከሙከራዎቹ አንዱ በኋላ በሌሎች ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት ስላልተገኘ እኔ ክርክሬን እሱ ላይ አላቆምም። የ2006ቱ በቂዬ ነው።

ሌላው መነገር ያለበት ፍንጭ ሁሌ ትክክል አለመሆኑ ነው፣ ወይም ትክክል ሆኖ የተጣመመ መሆኑ። ለኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለኝ። በድሮ የእንግሊዝኛ ክሮስወርዶች ውስጥ "የኢትዮጵያ ልዑል፣ ሦስት ፊደል" የሚል ፍንጭ ይመጣ ነበር፣ መልሱ አር፣ ኤ፣ ኤስ፣ ራስ። እንግዲህ ይሄን የምናነብ ሁላችን ራስ ማዕረግ እንደሆነ፣ ከንጉሥ ቀጥሎ የሚመጣ እንደሆነ፣ ከንጉሥ ቤተሰብ ላልተወለደም በሥራው እንደሚሰጥ እናውቃለን፣ ራስ አሉላ የገበሬ ልጅ አልነበሩም እንዴ? ልዑል ሌላ፣ ራስ ሌላ። በየቦታው ቁጭ ብሎ ያን ሳጥን የሞላው ሰው ግን ራስ ማለት ልዑል ነው ብሎ ይዞ ሄደ። ይሄን ሳስብ የሚያሳስበኝ እኔስ ስለ ሌላው አገር ስንቱን እንደዛ ይዤ ሄጃለሁ የሚለው ነው። ፍንጭ የተጻፈው ሳጥን ለመሙላት ነው፣ እውነቱን ሙሉውን ለመያዝ ቦታም የለው።

"ቢያንስ የሚያቋርጠው ቃል ያረጋግጥልናል" ይባላል፣ እሱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው ግን ሁሌ አይደለም። በ1996 የአሜሪካ ምርጫ ቀን ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የወጣውን፣ ጄረማያ ፋረል ያዘጋጀውን ሰንጠረዥ ማስታወስ ነው። መሃል ላይ የነገ ጋዜጣ ዋና ዜና ምን ይሆናል የሚል ፍንጭ ነበር፣ ክሊንተን ብለህ ብትሞላም ይገጥማል፣ ተፎካካሪውን ቦብ ዶልን ብትልም ይገጥማል፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ሰባት ፊደል ናቸው። የሚያቋርጡት ቃላት ሁሉ ለሁለቱም እንዲሆኑ ተደርገው ነው የተጻፉት፣ ለምሳሌ ከሃሎዊን በዓል ጋር የሚነሳው ጥቁር እንስሳ "ኬት" ከሆነ ድመት ነው፣ "ባት" ከሆነ የሌሊት ወፍ ነው፣ ሁለቱም ትክክል። አንባቢዎች ጋዜጣው ወገንተኛ ሆነ ብለው ተቆጥተው ደወሉ፣ ሌላ መልስ እንዳለ ሳያውቁ። በጣም የምወደው ሰንጠረዥ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ገጥሞልህ ግማሹን ብቻ አይተህ ልትሆን እንደምትችል ያሳያል።

ከዚህ የባሰው ሁለት የማታውቃቸው ስሞች አንድ ፊደል ላይ ሲገናኙ ነው። የእንግሊዝኛ ክሮስወርድ የሚሞሉ ሰዎች ይሄን "ናቲክ" ይሉታል፣ በ2008 በወጣ ሰንጠረዥ ላይ የቦስተን ማራቶን ስምንተኛ ማይል ላይ ያለች ናቲክ የምትባል ከተማ ከአንድ ሰዓሊ ስም ጋር ስለተገናኘች። ያኔ ማሰብ የለም፣ መገመት ብቻ ነው፣ ከግምት ደግሞ ምንም አይቀርም። ይሄ አዘጋጁ ማንን "ሁሉም ያውቀዋል" ብሎ እንደሚያስብ ያጋልጣል። በ2019 የመጀመሪያ ቀን የወጣ የኒው ዮርክ ታይምስ ሰንጠረዥ ለሜክሲኮ ተወላጆች ስድብ የሆነ ቃል በሌላ ትርጉሙ ይዞ ወጥቶ አዘጋጁ ዊል ሾርትዝ ይቅርታ ጠይቋል። የማን ስም፣ የማን አገር፣ የማን ሙዚቃ እንደ ጠቅላላ እውቀት ይቆጠር የሚለው ክርክር ከዛ ወዲህም አልበረደም፣ መብረድም ያለበት አይመስለኝም፣ በየቀኑ ብዙ ሰው የሚማርበት ነገር ነውና።

ስለ አእምሮ ጤና አንድ ነገር ብዬ ልለፍ፣ ሼር የሚደረገው ብዙ ስለሆነ። በ2022 የታተመ ጥናት ቀላል የማስታወስ ችግር ያለባቸውን 107 ሰዎች ለ78 ሳምንት ከፍሎ ግማሹን ክሮስወርድ፣ ግማሹን የኮምፒውተር የአእምሮ ጨዋታዎች አስጫውቷል፣ ክሮስወርድ የሞሉት የተሻለ ውጤት አሳዩ። ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን ምንም ያልተጫወተ ሦስተኛ ቡድን አልነበረውም፣ ስለዚህ "ክሮስወርድ የመርሳት በሽታን ይከላከላል" የሚለው ፖስት ከጥናቱ በላይ ሄዷል።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ጀማሪ ለሆነ ሰው ደግሞ ሰኞ ይጀምር ነው የምለው፣ በኒው ዮርክ ታይምስ ሰኞ ቀላሉ ነው፣ እየከበደ ሄዶ ቅዳሜ ይብሳል። እየሞላሁ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። የምጽፋቸው ቃላት ውስጥ "እጄ ጻፈው እኔ ግን አላውቀውም" የምላቸውን በጎን ነጥብ አደርግባቸዋለሁ፣ ከጨረስኩ በኋላ ከነሱ ሁለት ወይ ሦስት መርጬ አነባለሁ፣ ሁሉንም አይደለም፣ ሁሉንም ካልኩ የቤት ሥራ ይሆንብኛል። ኦቦን ያነበብኩት እንደዛ ነው፣ ኦርኬስትራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም መሣሪያውን የሚቃኘው በሱ ድምፅ እንደሆነ፣ ድምፁ ጠንከር ያለና የማይዋዥቅ ስለሆነ። አሁን ኮንሰርት ሲጀመር ያቺን አንዷን ረጅም ድምፅ ለይቼ እጠብቃታለሁ።

ትናንት "የናፖሊዮን የግዞት ደሴት፣ አራት ፊደል" የሚል መጣ። እጄ ኤልባን ሊጽፍ ሲል የእህቴ ልጅ "ቆይ አጎቴ፣ ንጉሠ ነገሥት አልነበር እንዴ፣ ማን አስገባው? ደግሞ እንዴት ወጣ?" አለች። ነጥብ አደረግንበትና ቀጠልን። ማታ ላይ ስናነብ በ1814 ሜይ ላይ ደሴቱ መድረሱን፣ እዛም እያለ የደሴቱ ገዢ ተብሎ መቀመጡን፣ አሥር ወር እንኳን ሳይሞላው በ1815 ፌብሩዋሪ 26 ሺህ የሚያህል ወታደር ይዞ በመርከብ መውጣቱን ደረስንበት። ከዛ በኋላ ያለውን ለዛሬ አቆየነው። ከትናንቱ ሰንጠረዥ ደግሞ በታች በቀኝ በኩል ሁለት ሳጥን አሁንም ክፍት ነው፣ የቃሉ ሁለተኛ ፊደል ኦ መሆኗን ብቻ ነው የምናውቀው፣ የእህቴ ልጅ "እንዳትነግረኝ፣ እየመጣልኝ ነው" እያለች ነው።